መኪናው ለማን ይቀራል?

«ግራን ቶሪኖ» ፊልም ሲመረመር

የፊልሙ ርዕስ፦ ግራን ቶሪኖ
አዘጋጅና መሪ ተዋናይ፦ ክሊንት ኢስትዉድ
የፊልም ጽሑፍ፦ ኒክ ሼንክ
የወጣበት ዓመት፦ 2008 እ.ኤ.አ.
ርዝመት፦ 116 ደቂቃ

ከካምፓላ መሀል ተነሥቶ በቡጎሎቢ በኩል ወደ ፖርት ቤል በሚወስደው መንገድ ዳር ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው፣ ከፊቱ የሚያልፉት መኪናዎች አብዛኞቹ በሌላ አገር ኖረው፣ በሌላ ሰው እጅ አርጅተው የመጡ መሆናቸውን ለመረዳት አይቸገርም። በጃፓን ከተሞች ዓመታትን አሳልፈው በመርከብ ተጭነው የገቡ ናቸው። አንዳንዶቹ በመስታወታቸው ላይ የተለጠፈው የጃፓንኛ ጽሑፍ እንኳ አልተነሣላቸውም። መኪና በዚህች ከተማ የሚገዛው ለመሸጥ ጭምር ነው፤ ገዢው ቀለሙን ሲመርጥ ነገ የሚረከበውን ሰው ያስባል። የኡጋንዳ መንግሥት በ2018 ባወጣው ሕግ ከተሠሩ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪናዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ መከልከሉ ደግሞ ለመኪና እርጅና ቁርጥ ያለ ልክ አበጅቶለታል።

እንዲህ ባለ ከተማ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ፣ አንድ ሰው አንድን መኪና 36 ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ፣ ሳይለውጥ፣ ብዙም ሳይነዳው እየወለወለ የሚያኖርበት ታሪክ በመጀመሪያ እይታ የባለጸጋ አገር ቅንጦት መስሎ ሊታየው ይችላል። ክሊንት ኢስትዉድ በ78 ዓመቱ አዘጋጅቶ የተወነበት «ግራን ቶሪኖ» የዚህ ዓይነት ታሪክ ነው። በጥሞና ሲታይ ግን ፊልሙ የሚያነሣው ጥያቄ ከመኪና ፍቅር ያልፋል። ሰው በእጁ የሠራውን፣ በፍቅርም የጠበቀውን ነገር ለማን ይተወዋል? ወራሽነትስ በደም ነው ወይስ በእንክብካቤ? ከአገራቸው ወጥተው ለሚኖሩ፣ ልጆቻቸውንም በሌላ ቋንቋ መካከል ለሚያሳድጉ ሰዎች ይህ ጥያቄ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ፊልሙ ለጥያቄው ግማሽ መልስ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰጠውንም ግማሽ፣ ያስቀረውንም ግማሽ መመርመር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ አጽም

ዋልት ኮዋልስኪ ከፖላንድ ዘር የተወለደ አሜሪካዊ፣ የኮሪያ ጦርነት ዘማች፣ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ጡረተኛ ሠራተኛ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በሚስቱ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። በዲትሮይት አካባቢ የሚገኘው ሰፈሩ ተለውጧል፤ የቀድሞ ጎረቤቶቹ ሞተዋል ወይም ሄደዋል። በምትካቸው ከላኦስ ተራሮች የመጡት የሞንግ ሕዝብ ተወላጆች ሰፍረዋል። እነዚህ ሰዎች በቬትናም ጦርነት ዘመን ከአሜሪካ ጎን ቆመው የተዋጉ፣ ከ1975 ሽንፈት በኋላም የተሰደዱ ናቸው። ዋልት ይህን አያውቅም፤ ለማወቅም አይፈልግም። ለጎረቤቶቹ ያለው ስድብ ብቻ ነው።

በጋራዡ ውስጥ በ1972 የተሠራች አረንጓዴ ግራን ቶሪኖ ስፖርት ቆማለች። ጎረቤቱ የሆነው ዓይነ አፋር ወጣት ታኦ፣ የአጎቱ ልጅ በሚመራው የወሮበሎች ቡድን ተገፋፍቶ ይህችን መኪና ሊሰርቅ ይገባና ይያዛል። ቤተሰቡም በደሉን በጉልበቱ እንዲክስ ለዋልት ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሁለቱ መቀራረብ፣ የወሮበሎቹ በቀል፣ በመጨረሻም ዋልት ለልጁና ለእኅቱ ለሱ ሲል መሣሪያ ሳይዝ ወደ ጠላቶቹ ደጅ ሄዶ የሚከፍለው መሥዋዕትነት ነው። ኑዛዜው ሲነበብ ቤቱ ለቤተ ክርስቲያን፣ መኪናው ለታኦ ይሆናል።

ሴራው አዲስ አይደለም። ቁጡ ሽማግሌ በልጅ ልቡ ሲለሰልስ ያላሳየ አገር የለም። የፊልሙ ጥንካሬ ያለው መኪናውን የያዘበት መንገድ ላይ ነው።

ጉልበቷ ያለፈባት መኪና

አሜሪካውያን «ባለጡንቻ» የሚሏቸው መኪናዎች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታዩ ናቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ መካከለኛ መጠን ባለው፣ ዋጋውም ለወጣት ሠራተኛ በሚቀመስ መኪና ውስጥ ባለስምንት ሲሊንደር ትልቅ ሞተር ይገጠማል። በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ የወገኑ በኩር ተደርጎ ይቆጠራል። ዘመናቸው ግን አጭር ነበር። የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፤ የጭስ ሕግ መጣ፤ በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ ተከተለ።

በዚህ መለኪያ የዋልት መኪና የወገኗ ቁንጮ አይደለችም። የ1972ቱ ቶሪኖ የወጣው ሞተሮቹ መዳከም በጀመሩበት ጊዜ ነው። ብርቅም አይደለችም፤ በዚያ የምርት ዘመን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ቶሪኖዎች ከፋብሪካ ወጥተዋል። የፊልሙ ደራሲ ከዚህ የከበሩ ብዙ መኪናዎች እያሉ ይህችን መምረጡ ለጭብጡ ጠቅሞታል። ዋልት መኪናዋን የሚወድበት ምክንያት በአንድ አጭር ንግግር ይገለጣል፤ በ1972 በፋብሪካው መስመር ላይ ቆሞ የመሪዋን ዘንግ የገጠመው እርሱ ራሱ ነው። ፍቅሩ ከፍጥነት ወይም ከዋጋ የመጣ አይደለም። በእጁ ከነካቸው እጅግ ብዙ መኪናዎች መካከል አንዷን መልሶ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሠራተኛ ነው። ፋብሪካ የሠራተኛውን አሻራ ከምርቱ ላይ አጥፍቶ ይሸጣል፤ ዋልት ያንን አሻራ በጋራዡ ውስጥ ጠብቆ አኑሮታል።

ይህን ነጥብ ከሌላ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1968 በወጣው «ቡሊት» ፊልም ላይ ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገቶች የነዳት ፎርድ ማስታንግ ከፊልሙ በኋላ በ1974 በአንድ ቤተሰብ ተገዛች፤ የቤተሰቡም የዘወትር መኪና ሆና አገለገለች። ማክዊን ራሱ በ1977 ልግዛችሁ ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍም አልሸጡለትም። በጥር ወር 2020 በጨረታ ስትሸጥ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። የዚያች መኪና ዋጋ የመጣው ዝነኛ ሰው ስለተቀመጠባት ነው። የዋልት መኪና የከበረችው ስሙ የማይታወቅ ሰው ስለሠራት ነው። የመኪና ትዝታ ሁለት መልክ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ አንዱ የተቀመጠባትን ሰው ያስታውሳል፤ ሌላው የሠራትንና የጠገናትን ሰው ያስታውሳል። አብዛኛው የመኪና ፊልም የመጀመሪያው ነው። «ግራን ቶሪኖ» ከሁለተኛው ወገን ለመሆን ይሞክራል፤ ብርቱ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ኢስትዉድ ለዚህ ሲል ያደረገው አንድ ድፍረት አለ። ስሟ የፊልሙ ርዕስ የሆነው መኪና በፊልሙ ውስጥ እምብዛም አትንቀሳቀስም። የመኪና ግልቢያ የለም፤ የጎማ ጩኸት የለም። ዋልት ለየዕለት ጉዳዩ የሚነዳው አሮጌ የፎርድ ፒካፕ ነው። ግራን ቶሪኖ ትወለወላለች፣ ትታጠባለች፣ ከበረንዳ ሆነው ያዩዋታል። ስለዚህም በመጨረሻው ትዕይንት ታኦ መሪዋን ይዞ በሐይቅ ዳር ሲነዳት፣ እንቅስቃሴዋ ራሱ ትርጉም ይኖረዋል። ተመልካቹ ለሁለት ሰዓት ያህል የጠበቀውን ነገር የሚያገኘው ባለቤቷ ካለፈ በኋላ ነው።

ሦስት ጠያቂዎች

በፊልሙ ውስጥ መኪናዋን የሚፈልጓት ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛዋ የዋልት የልጅ ልጅ ናት፤ በአያቷ የቀብር ቀን ወደ አያቷ ጋራዥ ገብታ ሲሞት መኪናዋን ምን ሊያደርጋት እንዳሰበ ትጠይቀዋለች። ሁለተኛዎቹ ወሮበሎቹ ናቸው፤ በጉልበት ሊወስዷት ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ታኦ ነው፤ ሊሰርቃት መጥቶ አጥቢዋ ይሆናል። የደም መብት፣ የጉልበት መብት፣ የድካም መብት ጎን ለጎን ቆመዋል። ኑዛዜው የሚፈርደው ለሦስተኛው ነው።

የዋልት ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ አንደኛው የጃፓን መኪና ሻጭ ሆኖ መቅረቡ ግን በአጋጣሚ የገባ አይደለም። አባት ሠሪ ነበር፤ ልጅ ሻጭ ሆኗል። በሁለቱ መካከል የተቋረጠው የእጅ ሙያ ነው። የፊልሙ ምርጥ ክፍሎች ይህ ሙያ በሌላ መንገድ ሲቀጥል የሚያሳዩት ናቸው። ታኦ ወደ ጋራዡ ገብቶ ግድግዳውን የሞሉትን መሣሪያዎች ሲያይ ይደነግጣል፤ ይህን ሁሉ መግዛት እንደማይችል ይናገራል። ዋልት ግን መሣሪያዎቹ የተሰበሰቡት በአንድ ቀን ሳይሆን በ50 ዓመት መሆኑን ያስረዳውና ለመጀመሪያ የሚበቁትን ሦስት ነገሮች ይሰጠዋል፤ የሚቆለፍ ፒንሳ፣ የዝገት ማላቀቂያ ቅባት፣ ጠንካራ ፕላስተር። ውርስ የጀመረው ኑዛዜው በተነበበበት ዕለት ሳይሆን በዚህች ቅጽበት ነው። መኪናዋ የትምህርቱ ማኅተም ናት። ልጁ የሚጠግን እጅ ስላገኘ፣ የሚጠገን ነገር ይገባዋል።

አማርኛ ተመልካች ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ልጅን ለሙያ አሳልፎ መስጠት፣ «ሥጋው ያንተ አጥንቱ የእኔ» ብሎ ለመምህር ማስረከብ፣ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። የታኦ እናትና እኅት ልጃቸውን ለዋልት ሲያስረክቡ የሚታየው ፍርሃትና ክብር በአንድነት ከዚህ ልማድ ጋር የሚዛመድ ነው። ባለማወቅ ሽማግሌው መምህር ሆነ፤ በመቀጣት ሌባው ደቀ መዝሙር ሆነ።

ያልተሰማው ድምፅ

ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ፣ ፊልሙ የሚጎድለውን መናገር ግድ ይላል። ዋልት ያለፈ ታሪክ አለው፤ ጦርነት፣ ፋብሪካ፣ ጋብቻ፣ ጸጸት። ታኦ ያለፈ ታሪክ የለውም። ከየት እንደመጣ የሚነግረን እኅቱ ሱ ናት፤ እርሷም የምትነግረን ዋልት ስለጠየቃት፣ በአጭሩም ነው። የሞንግ ቤተሰብ በስደቱ ምን ዕቃ ይዞ መጣ? አያቲቱ በበረንዳ ተቀምጣ የምታስበው ምንድን ነው? ታኦ ራሱ የሚወደው፣ ሊያወርሰው የሚፈልገው ነገር አለን? ፊልሙ አይጠይቅም። ታኦን ባዶ ዕቃ አድርጎ ያቀርበውና የዋልትን ትዝታ ይሞላበታል።

ስለ ውርስ በሚናገር ሥራ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ስደተኛ ባዶ እጁን ቢመጣ እንኳ ባዶ ልብ ይዞ አይመጣም። እውነተኛ ውርስ ሰጪው የሚቀበለውን ሰው ትዝታም ሲቀበል ነው። ፊልሙ ዋልት የሞንግን ምግብ ሲወድ ያሳየናል፤ የሞንግን ሐዘን ሲሰማ ግን አያሳየንም። መጨረሻውም ከዚሁ ችግር አያመልጥም። ዋልት ሲሞት ታኦ እንዳይከተለው በቤቱ ምድር ቤት ቆልፎበት ነው የሚሄደው። የልጁን ሕይወት ለማዳን ማድረጉ ይገባናል፤ ግን የራሱ እኅት በደል የደረሰባት ልጅ በዚያ ውሳኔ ውስጥ ድምፅ የለውም። ታኦን የተጫወተው ቢ ቫንግ ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ፊልሙን ሲተች፣ ተመልካቾች በዘረኛ ስድቦቹ እንዴት ይስቁ እንደነበር ማንሣቱ የዚህን ጉድለት ሌላ ገጽታ ያሳያል። ተዋናዩ ራሱ ከተሰጠው ገጸ ባሕርይ የበለጠ የሚናገረው ነበረው።

ስድብ፣ ተረብና ትርጉም

የስድቡ ነገር ወደ ቋንቋ ይወስደናል። በፀጉር አስተካካዩ ቤት ያለው ትዕይንት የታወቀ ነው፤ ዋልትና ፀጉር አስተካካዩ በዘር እየጠሩ ይሰዳደባሉ፤ ፍቅራቸው የሚገለጠው ግን በዚያው ነው። ዋልት ታኦንም ይህን አነጋገር ያስተምረዋል። ይህ ትዕይንት ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ የሚቀረው ነውር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ ለዚህ ነገር ስም አለው፤ ተረብ ይባላል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጓደኛሞች በተረብ ይፈታተናሉ፤ የተረቡ ሕግም የታወቀ ነው፤ እኩዮች ብቻ ይተራረባሉ፤ የተነካ ሰው አይቆጣም፤ መልስ ያጣ ይሸነፋል። በዚህ መነጽር ሲታይ የፊልሙ ጥያቄ ግልጽ ይሆናል። በዋልትና በፀጉር አስተካካዩ መካከል ያለው ተረብ ነው፤ ሁለቱ እኩል ናቸው። ዋልት በመጀመሪያ ለሞንግ ጎረቤቶቹ የሚወረውረው ግን ተረብ አይደለም፤ መልስ የሌለው ስድብ ነው። ፊልሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊያሥቀን ሲሞክር ይሳሳታል። ሱ መልስ ስትሰጠው ብቻ ነገሩ ወደ ተረብ ይጠጋል፤ በፊልሙ ውስጥ ከዋልት ጋር በእውነት የተነጋገረች እርሷ ብቻ የመሰለችውም ስለዚህ ነው።

አማርኛ ሌላም መሣሪያ አለው። ወጣቱ ቄስ ሽማግሌውን በስሙ «ዋልት» ሲለው፣ ሽማግሌው በቤተሰቡ ስም በአክብሮት እንዲጠራው ያዛል፤ ኋላ ላይ ደግሞ ራሱ ይፈቅድለታል። በእንግሊዝኛ ይህ ለውጥ ከአንድ ስም ወደ ሌላ ስም ነው። በአማርኛ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» እያንዳንዱን ግስ ይነካሉ፤ የዋልት ብቸኝነት መጠንና የሚከፈትበት ሰዓት በየዐረፍተ ነገሩ ሊሰማ ይችላል። የካምፓላ ተመልካች ፊልምን እንዲህ በራሱ ቋንቋ አዲስ አድርጎ ማየትን ከቪዲዮ ቤቶች ያውቃል። «ቪጄ» የሚባሉት ተራኪዎች የውጭ አገር ፊልሞችን በሉጋንዳ እየተረጎሙ፣ እያብራሩ፣ አንዳንዴም ከገጸ ባሕርያቱ ጋር እየተከራከሩ ያቀርባሉ፤ ቪጄ ጂንጎን የመሳሰሉት በዚህ ሥራ ስመ ጥር ሆነዋል። «ግራን ቶሪኖ» እንዲህ ያለ ተራኪ የሚያስፈልገው ፊልም ነው፤ ታኦ ዝም ባለበት ሁሉ የሚናገርለት።

ከኮሪያ የተረፈ

የዋልት ጸጸት ምንጭ ኮሪያ ነው። ሽልማት ያስገኘለት ጀብዱ እጁን ሊሰጥ የነበረን ወጣት መግደል እንደነበር ለታኦ የሚናዘዝበት ቦታ የፊልሙ ጥልቅ ነጥብ ነው። ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1951 ጀምሮ በተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው በኮሪያ ተዋግተዋል፤ 121 ሰዎች ሞተውባቸው አንድም ምርኮኛ ሳያስይዙ ተመልሰዋል። በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ዘማቾች ነው።

ንጽጽሩ የሚያስተዛዝብ ነው። አሜሪካዊው ዘማች ሲመለስ ፋብሪካ፣ ደመወዝ፣ ቤት፣ በኋላም መኪና ጠበቀው። የቃኘው ዘማች ሲመለስ የጠበቀው ሌላ ነው፤ ያገለገለው መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ ሜዳልያው ጭምር በአዲሱ ሥርዓት ፊት ትርጉሙን አጣ። ዋልት የጦርነት ትዝታውን በምድር ቤት ሣጥን ውስጥ የደበቀው ስላፈረበት ነው። ከቃኘው ዘማቾች ብዙዎቹ ትዝታቸውን ያቆዩት የሚጠይቃቸው በማጣታቸው ነው። ሁለቱም ያለ ሰሚ ትዝታ ሸክም እንደሆነ ይመሰክራሉ። በፊልሙ ውስጥ ዋልት የሚቀልለው ለታኦ በተናገረ ጊዜ ነው።

የእኛ ትዝታ የማን ነው?

ከዚህ ከደረስን በኋላ ፊልሙን ወደ ራሳችን የመኪና ትዝታ ማዞር ይገባል። ባለጡንቻው የአሜሪካ መኪና በምሥራቅ አፍሪካ ሥር አልሰደደም። ለመሞከሩ ማስረጃ አለ፤ በ1964 ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ባካለለው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ላይ ፎርድ ከአሜሪካ መርከሪ ኮሜት የተባሉ መኪናዎችን ከነቡድናቸው አምጥቶ አሰልፎ ነበር። ከ94 ተወዳዳሪዎች 21 ብቻ ሲጨርሱ ከኮሜቶቹ አብዛኞቹ በመንገድ ቀሩ፤ ያሸነፈው ከእንግሊዝ የመጣ ትንሽ ፎርድ ኮርቲና ነበር። የአገሩን ጭቃና ኮረኮንች የቻሉት እንደ ፔጆ 404ና እንደ ቮልስዋገን ያሉት ነበሩ።

በአዲስ አበባም እንዲሁ ነው። የአንድ ትውልድ ትዝታ የተጣበቀው በቮልስዋገን፣ በሴይቼንቶ፣ በላዳ፣ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው በሚቀመጡበት «ውይይት» ታክሲ ላይ ነው። ታሪክም ለቮልስዋገን የማይረሳ ቦታ ሰጥቷታል። የአሜሪካን ባለጡንቻ መኪናዎች ዘመን የዘጋው የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ አዲስ አበባም ደርሶ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ አድማው ለአብዮቱ ከተቀጣጠሉት ክብሪቶች አንዱ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነው። በዲትሮይት የፋብሪካ ሠራተኛን ኩራት የቀበረው ቀውስ በአዲስ አበባ ከዘውድ ውድቀት ጋር ተገናኘ።

ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ያልተነገረው ግን አለ። የአማርኛ የመኪና ትዝታ የሚያወሳው ባለቤቱን ነው፤ ማን ምን ይነዳ ነበር፣ ማን በምን ተሞሸረ፣ ማን በምን ተወሰደ። መካኒኩ በታሪኩ ውስጥ የለም። እነዚያ ቮልስዋገኖችና ላዳዎች ከአገራቸው ፋብሪካ ዕድሜ በላይ የኖሩት በሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፈልገው፣ ሲታጣም ቀርጸው በገጠሙ ሰዎች እጅ ነው። ቋንቋው ራሱ ለእነርሱ ይመሰክራል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፦ እነዚህ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት አማርኛ የሆኑት በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ውሳኔ አይደለም፤ ዘይት በነካው እጅ፣ በጋራዥ ውስጥ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፉ ነው። የዋልት ሦስት መሣሪያዎች ለታኦ እንደተሰጡት ማለት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 የነዳጅ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ነገሩን አጣዳፊ ያደርገዋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን አይረግጡበትም። አየሩ ቢጠራ መልካም ነው። ሆኖም ከሞተሩ ጋር አንድ ሙሉ የሙያ ቋንቋና የዚያ ሙያ ባለቤቶች ትዝታ አብሮ ሊሄድ ተቃርቧል። የባለቤቶቹን ፎቶግራፍ የሚያስቀምጥ ብዙ አለ፤ የመካኒኮቹን ቃል የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ለካምፓላ ነዋሪም የወራሽነት ጥያቄ የተለየ ክብደት አለው። የዋልት መኪና በተሠራችበት በ1972፣ ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆችን በ90 ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ ሲያዝ፣ ቤት፣ ሱቅና መኪና ያለ ባለቤት ቀርቶ ለሌላ ተሰጥቷል። ንብረት እንዲህ በአዋጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ ትዝታውና ሙያው ግን አብሮ አልተላለፈም። ብዙዎቹ ሱቆችና ፋብሪካዎች ብዙም ሳይቆዩ የተዳከሙት ቁልፍ የተረከበ ሁሉ ሙያ ስላልተረከበ ጭምር ነው። ዋልት ለታኦ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ፒንሳውን መስጠቱ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አይገኝም።

ሲጠቃለል «ግራን ቶሪኖ» የተሟላ ሥራ አይደለም። ሰጪውን በሙሉ ሰውነቱ፣ ተቀባዩን በግማሹ ስሏል፤ ስድብን ከተረብ መለየት በሚገባው ቦታ ላይ ተዘናግቷል። ነገር ግን አሮጌ መኪናን የሚወድ ሰው ምን እንደሚወድ ከብዙዎቹ የመኪና ፊልሞች በተሻለ ያውቃል። የሚወደደው ብረቱ አይደለም፤ በብረቱ ላይ የቀረው እጅ ነው። ያ እጅ የሚቀጥለውም በደም መስመር ብቻ አይደለም፤ ቀርቦ ለመማር በፈቀደ፣ ለመጠገን በታገሠ ሰው ነው። ልጆቻቸው አማርኛን በግማሽ ጆሮ እየሰሙ የሚያድጉባቸው ወላጆች ፊልሙን ሲያዩ አንድ ነገር ይዘው ሊነሡ ይችላሉ። ቋንቋም ሆነ መኪና ተወልውሎ በጋራዥ ስለቆመ አይወረስም። ወራሹ እንዲያጥበው፣ እንዲፈታው፣ አንዳንዴም እንዲያበላሸው መፍቀድ ያስፈልጋል፤ ሲያበላሸውም ከአጠገቡ ቆሞ መሣሪያውን ማቀበል።